የቆመች ፒክአፕን ግቢ ውስጥ ማደስ፦ ለድሬ ሙቀትና ለደንገጎ ዳገት

ድሬዳዋ ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር ቆማ አቧራ የምትጠጣ ፒክአፕ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። "አንድ ቀን አስነሣታለሁ" የተባለላት ናት። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ያቺን "አንድ ቀን" ማቅረብ ያዋጣል። አሮጌውን አድሶ መያዝ አሁን የቅንጦት ሥራ አይደለም።

እዚህ የማሳየው በናፍጣ ቶዮታ ሃይሉክስ ነው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹና 90ዎቹ የተሠሩት፣ 2ኤል ወይም 3ኤል ሞተር ያላቸው። የመጀመሪያው 2,446 ሲሲ፣ ሁለተኛው 2,779 ሲሲ ነው። የእናንተ ኒሳን ወይም አይሱዙ ብትሆንም ቅደም ተከተሉ አይለወጥም።

ማደስ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ቀለም ነው። እኔ ቀለሙን መጨረሻ ላይ ነው የማስቀምጠው። ምክንያቱም የድሬ አየር ደረቅ ነው፤ ዝገቱ ቀስ ይላል፣ ሙቀቱ ግን አይምርም። ቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ራስ) የሚሰነጠቀው በሙቀት ነው። ጎሚኒ የሚደርቀው በሙቀት ነው። በድሬና በሐረማያ መካከል ባለው ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የሚከዳው በሙቀት ነው። እናም ቅደም ተከተሉን ሙቀቱ ይወስንልን።

ቦታውና ሰዓቱ

መሬቱ ደልዳላና ጠንካራ ይሁን። አፈር ከሆነ ከክሪኩ ሥር ወፍራም ጣውላ አንጥፉ። ጥላ የግድ ነው፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ካላችሁ ከሥሩ ሸራ ወጥሩበት። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ሥሩ። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ላይ የቆየ ቁልፍ እጅ ያቃጥላል። ቶርኖ ቤት ወይም በያጅ ጋ የሚላክ ነገር ካለም በጠዋት ይላክ፤ ከምሳ በኋላ ያለውን የድሬን የጫት ልማድ ታውቁታላችሁ።

10፣ 12፣ 14፣ 17 እና 19 ቁጥር ቁልፍ ካላችሁ የቶዮታን አብዛኛውን ብሎን ትፈታላችሁ። ከዚያ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ማርቴሎ፣ የሽቦ ብሩሽና ቴስተር ጨምሩ። ብሎን በልክ የሚያጠብቀው የቶርክ ቁልፍ ውድ ስለሆነ ከጋራዥ ተዋሱ።

አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርም። መኪናዋ በክሪክ ብቻ ተነሥታ ማንም ሥሯ አይገባም። ድንጋይና ብሎኬት ድጋፍ አይሆኑም፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። የብረት ካቫሌቶ (መኪናዋ የምታርፍበት መደገፊያ) በያጅ ጋ አሠሩ፣ ጎማዎቹንም በጣውላ አግዱ።

ስትፈቱ እያንዳንዱን ነገር በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ብሎንና ዳዶ በየቲማቲም ጣሳው ለያይታችሁ የየት እንደሆነ ጻፉበት። ከወር በኋላ "ይቺ የየት ነበረች?" ከማለት ያድናችኋል።

1. ቁልፍ ከማንሣታችሁ በፊት ወረቀቱን

ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር አመሳክሩ። የሻንሲው ቁጥር ፊት ጎማው አካባቢ ሻንሲው ራሱ ላይ ነው። አቧራና ዘይት ከሸፈነው በናፍጣ አርሳችሁ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ። በግራይንደር አትንኩት። የተፋቀ ቁጥር እንደተሰረቀ መኪና ያስጠረጥራችኋል።

ድሬ ለድንበር ቅርብ ናት። ቀረጥ ያልተከፈለበትን መኪና ማደስ ለሰው መልፋት ነው። ሞተሯ ተቀይሮ ከሆነ ለውጡ በመንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ተመዝግቦ መሆኑን ጠይቁ። ካልተስተካከለ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት።

2. የመኪናዋን ታሪክ ከሥሯ አንብቡ

እኛ አካባቢ ሦስት ዓይነት ታሪክ አለ።

የመጀመሪያው የጫት መኪና ነው። ከአወዳይ ጭኖ ወደ ድንበር ሲበር የኖረ ፒክአፕ ዕረፍት አያውቅም። የባሌስትራውን ቅጠል ቁጠሩ፤ ከፋብሪካው በላይ ከተጨመረ ከልክ በላይ ተጭኗል። ከዚያ ከጋቢናው ጀርባ፣ መጫኛው በሚጀምርበት ቦታ፣ ሻንሲውን በባትሪ መብራት ፈትሹ። ስንጥቁ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። የባሌስትራ መያዣዎቹንና የመሪው ሳጥን የታሰረበትንም አትለፉ። ፀጉር የመሰለ ቀይ የዝገት መስመር ካያችሁ ስንጥቅ ነው።

ሁለተኛው ጅቡቲ የኖረች መኪና ናት። የባሕር ጨው ከድሬ አየር ጋር የማይገናኝ ዝገት ይዞ ይመጣል፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ሻንሲውን በማርቴሎ እየመታችሁ አዳምጡ። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፤ የተበላው ድምፁ ይታፈናል። በካቻቪቴ ጫፍ ጠንከር አድርጋችሁ ስትወጉት ከገባ ሻንሲው አልቋል። እንዲህ ያለውን ማደስ አልመክርም።

ሦስተኛው ጎርፍ የገባባት ናት። የደቻቱ ወንዝ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ያደረገውን የድሬ ሰው አይረሳውም፤ ከዚያ ወዲህም ጎርፍ አልቀረም። ምንጣፉን ገልጣችሁ ከሥሩ፣ ከወንበሩ ሐዲድና ከክሩስኮቱ ጀርባ ደቃቅ ደለል ፈልጉ። ደለል ካለ የሽቦውን ዋጋ ሙሉ በሙሉ በጀታችሁ ውስጥ ጨምሩ።

የሻንሲውን ቀጥ ማለት ለማወቅ ሜትር ይበቃል። ከፊት ግራ ካለ ቀዳዳ እስከ ኋላ ቀኝ፣ ከዚያ ከፊት ቀኝ እስከ ኋላ ግራ ለኩ። ልዩነቱ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ካለፈ ቦዲ ሠሪ ይየው። የሻንሲ ብየዳን ግቢያችሁ ውስጥ አትሞክሩት። ልምድ ያለው በያጅ ስንጥቁ ጫፍ ላይ ቀዳዳ በስቶ፣ በይዶ፣ ከላዩ ብረት ያለብሰዋል።

ሥሯ እያላችሁ ጎሚኒዎችንና ቴስቲናዎችን (የመሪ መገጣጠሚያዎቹን) በእጅ አነቃንቁ፤ የላላውን ቀይሩ። ጎማው ዳር ላይ ደግሞ አራት አኃዝ ፈልጉ። 2319 ካለ በፈረንጆች 2019፣ 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ፀሐይ ላይ ከአሥር ዓመት በላይ የቆየ ጎማ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም አይታመንም።

3. ፍሬን፦ ከመነሣት በፊት መቆም

ሞተሩ ሳይነሣ የፍሬኑ ሥራ ይጠናቀቅ። ቅደም ተከተሉ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሞተር የተነሣላት መኪና ግቢ ውስጥ አትቀመጥም፤ አንዱ "አቦ አንዴ ዞር ላድርጋት" ማለቱ አይቀርም።

የኋላውን ታንቡር ስታወጡ አቧራውን በአየር አትንፉት፣ በአፍም እፍ አትበሉት። የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። በሳሙና ውሃ አርጥባችሁ በጨርቅ ጥረጉና ጨርቁን ጣሉት። ሲሊንደሩ ዳር ላይ እርጥበት ካለ ጎሚኒው አልፏል። የጎማ ቱቦዎቹን እጠፏቸው፤ ስንጥቅ ካሳዩ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቀይሩ።

የፍሬን ዘይቱን በሙሉ አውጥታችሁ አዲስ አድርጉ። ዘይቱ ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት በሳበ ቁጥር የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ እያለ እስከ 205 ዲግሪ ይችላል፤ ውሃ ሲስብ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ነው። ዘይቱ ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። እግራችሁ ወለሉ ድረስ ይገባል፣ መኪናዋ ግን አትቆምም። ከሐረማያ ወደ ድሬ 800 ሜትር ያህል ስትወርዱ ይህ ተራ ነገር አይደለም። ዶት 4 ግዙ፤ የዋጋው ልዩነት ትንሽ ነው።

አየር ማውጣት የሁለት ሰው ሥራ ነው። ከማስተሩ (የፍሬን ዘይቱን ከሚገፋው ዋና ሲሊንደር) በጣም ከሚርቀው ጎማ ጀምሩ፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። አንዱ ፔዳሉን ደጋግሞ ረግጦ ይይዛል፤ ሌላው ማውጫዋን ሩብ ዙር ይከፍትና ፔዳሉ ሳይለቀቅ ይዘጋል። "ያዝ" ሲባል ይያዝ። ረጋጩ ስልክ የሚነካካ ልጅ ከሆነ ሥራው እስከ ማታ አያልቅም። ማስተሩ ላይ ያለው ዘይት እንዳያልቅ እየጨመራችሁ ቀጥሉ።

4. ውሃው

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ድሬ ውስጥ የሞተር ዕድሜ የሚወሰነው እዚህ ነው።

የከተማችን የጉድጓድ ውሃ ኖራ ይበዛበታል። የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ከፍታችሁ እዩት፤ ከሥሩ ያለው ነጭ ቅርፊት ራዲያተራችሁ ውስጥም አለ። ልዩነቱ ማንቆርቆሪያው ይታጠባል፣ ራዲያተሩ ግን ለሃያ ዓመት ከቧንቧ ሲሞላ ኖሯል። ቅርፊቱ ሙቀት አያስተላልፍም። ጠባቦቹን ቱቦዎች ይደፍናል፣ የሞተሩን የውሃ መንገድም ያለብሳል።

መጀመሪያ አሮጌውን ውሃ አውጡና ቀለሙን እዩ። ቡናማ ከሆነ ዝገት ነው። ዘይት ከተንሳፈፈበት የቴስታታ ጋስኬቱን ወይም ቴስታታውን ጠርጥሩ። ከዚያ ግማሽ ኪሎ ሲትሪክ አሲድ በ10 ሊትር ሙቅ ውሃ በጥብጣችሁ ሙሉ። መኪናዋ ገና ስለማትነሣ ራዲያተሩን ለብቻው አውርዳችሁ ሁለቱን አፎች ደፍናችሁ ለጥቂት ሰዓት አቆዩት። ይህ ለመዳብ ራዲያተር ነው፤ አሉሚኒየም ከሆነ ከግማሽ ሰዓት አታሳልፉ። ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ እጠቡ፤ መጨረሻ ላይ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ የተበጠበጠበት ውሃ አሳልፉበት። ሞተሩን ራሱን የምታጥቡት ከተነሣ በኋላ ነው፤ በዚያው ድብልቅ ለሃያ ደቂቃ አስነሥታችሁ፣ ቀዝቅዞ ታወጡታላችሁ።

ውሃው በግማሹ ብቻ የሚወርድ ከሆነ ራዲያተር ቤት ውሰዱት፤ የላይኛውን ታንክ ነቅለው ቱቦዎቹን በቀጭን ብረት ይጠርጉታል። ኮሩ ካለቀ አዲስ ኮር ይግባለት።

አሁን የራዲያተሩ ክዳን። ሰው የማያየው ዕቃ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች ክፍት ውሃ በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሐረር፣ ከ1,800 ሜትር በላይ ስላለች፣ ወደ 94 ይወርዳል። ክዳኑ ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ካለ ውሃውን አፍኖ የሚፈላበትን ወደ 20 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል። ጎሚኒው የደረቀ ክዳን ይህን አይሠራም። ዳገት ላይ ውሃ የሚተፉ ስንት መኪኖች በአንድ ክዳን ሲድኑ አይቻለሁ።

ቀጥሎ ቴርሞስታት። "በድሬ ሙቀት ቴርሞስታት ምን ያደርጋል? አውጥተህ ጣለው" የሚል መካኒክ ጎረቤታችሁ አለ። እምቢ በሉት። ቴርሞስታቱ ከሥሩ ሁለተኛ ትንሽ ክብ ሳህን ካለው ሥራው ሁለት ነው። ሲሞቅ የራዲያተሩን መንገድ ይከፍታል፤ በዚያው የአቋራጩን መንገድ ይዘጋል። ስታወጡት አቋራጩ ክፍት ይቀራል። የፈላው ውሃ ራዲያተር ሳይነካ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ለማቀዝቀዝ የወጣው ዕቃ መኪናዋን ያስፈላታል ማለት ነው። መሥራቱን ለማወቅ ድስት ውስጥ በክር አንጠልጥላችሁ ውሃውን በቴርሞሜትር አሙቁ። ላዩ ላይ በተጻፈው ዲግሪ አካባቢ መከፈት ከጀመረ ጤነኛ ነው።

ፋኑን የሚከበው የፕላስቲክ መከለያም ይኑር። ብዙ አሮጌ ፒክአፕ ላይ ተሰብሮ ተጥሏል። ያለ እሱ ፋኑ አየሩን ከጎን ይስባል እንጂ በራዲያተሩ ውስጥ አያሳልፍም። ማኒኮቶዎቹንና (የውሃ ቱቦዎቹን) ቺንጋዎቹን ሳትጠራጠሩ አዲስ አድርጉ።

ስትሞሉ የቧንቧ ውሃ አይሁን። የተጣራ ውሃ ወይም በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ከኩላንት ጋር ቀላቅሉ። ድሬ ውሃ የሚያረጋ ብርድ የለም፤ ኩላንቱ የሚፈለገው ዝገትን ስለሚከላከል ነው።

5. ሞተሩን ቶሎ አትክፈቱት

ለዓመታት የቆመ ሞተር ላይ ባትሪ አስራችሁ ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻውን) አትምቱ። ሲሊንደሮቹ ደርቀዋል። አራቱን ካንዴሌታዎች (ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ሲሊንደሩን የሚያሞቁትን) አውጡ፣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሩ፣ አሳድሩት። በማግሥቱ የታችኛውን ፑሌጃ ብሎን በቁልፍ ይዛችሁ በእጅ ሁለት ዙር አዙሩ። ከጠነከረ አታስገድዱ፤ ዘይት ጨምራችሁ እንደገና ጠብቁ።

ዘይቱን ስታወጡ ቡና በወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ያኔ ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት ስንጥቅ ይፈተሽ፤ በሙቀት የተጎዳ የናፍጣ ቴስታታ በአብዛኛው በቫልቮቹ መካከል ይሰነጠቃል። ዘይቱ ጥቁር ብቻ ከሆነ ደኅና ነው፤ ዘይትና ፊልትሮ ቀይሩ።

ታይሚንግ ቺንጋው ሳይቀየር ሞተሩ አይነሣም። ቶዮታ በ100,000 ኪሎ ሜትር እንዲቀየር ነው የሚያዘው፤ ክሩስኮቱ ላይ ለዚህ የሚበራ መብራት አለ። ቆጣሪውን ማን ነክቶት እንደሆነ ስለማይታወቅ መብራቱን አትመኑ። ቺንጋው ሞተሩ እየሠራ ከተበጠሰ ፒስተን ከቫልቭ ይጋጫል። ስትቀይሩ ሦስቱን ምልክቶች አግጥማችሁ፣ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙራችሁ፣ ምልክቶቹ ተመልሰው መግጠማቸውን እዩ። መወጠሪያው ኩሽኔታም አብሮ ይቀየር።

የነዳጁን ሳልቫትዮ (ታንከር) አውርዱ። የቆየው ናፍጣ ከሥሩ ውሃና ዝቃጭ አለው። አውጥታችሁ በንጹሕ ናፍጣ እጠቡት። ሳልቫትዮ ቢያፈስ በምንም ምክንያት ብየዳ አይነካው። ባዶ መስሎ የሚታየው ጋዝ አለው፤ ይፈነዳል።

ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ የሚታመቅበትን ግፊት) የሚለካ ጋራዥ ካገኛችሁ አስለኩ። ለእነዚህ ሞተሮች ዝቅተኛው በካሬ ሴንቲ ሜትር 20 ኪሎ ነው፤ በሲሊንደሮቹ መካከል ከ5 በላይ ልዩነት መኖር የለበትም። ይህን ፈተና ካለፈ ሞተሩን መክፈት ገንዘብ ማባከን ነው። ካላለፈ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ቫልቩ አልቋል፣ ሥራውም የመካኒክ ነው። ቴስታታው ሲመለስ ብሎኖቹ በ78 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ 90 ዲግሪ፣ ከዚያ እንደገና 90 ዲግሪ ይጠብቃሉ። "በእጄ አውቀዋለሁ" የሚለውን አትቀበሉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስታስነሡ ኢንጄክሽን ፖምፓው ላይ ያለችውን የነዳጅ መዝጊያ ሽቦ ንቀሉ። የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ አዙሩ፤ በየመሀሉ ሞተሪኖውን አሳርፉ። ከዚያ ሽቦዋን መልሱ፣ ፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ እየተጫናችሁ አየሩን አውጡና አስነሡ። መጀመሪያ ነጭ ጭስ ይኖራል፤ ሲሞቅ መጥፋት አለበት። ሰማያዊ ጭስ ከቀጠለ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ጥቁር ከሆነ የአየር ፊልትሮውንና ኖዝሎቹን እዩ። የሚያፈስ የኖዝል ቱቦ በጣት አትንኩ፤ ግፊቱ ናፍጣውን ቆዳ ውስጥ ያስገባዋል።

ስለ ካንዴሌታ አንድ ነገር ልጨምር። ድሬ ውስጥ ሦስቱ ቢሞቱም መኪናዋ ትነሣለች፣ ሙቀቱ ይሸፍንላቸዋል። ሐረር አድራችሁ በጠዋት ስታስነሡ ግን ጉዱ ይወጣል። ቀዳዳው ክፍት እያለ በቴስተር ለኩዋቸው፤ የማይነበበው ሞቷል።

6. ሽቦ

ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ። መጀመሪያ የሚፈተሸው መሬት የሚያስይዘው ሽቦ ነው፤ ከባትሪ ወደ ሞተር፣ ከሞተር ወደ ሻንሲ፣ ከሻንሲ ወደ ጋቢና። ጫፎቹን እስኪያበሩ ፍቁ። "ዲናሞው ሞቷል" የሚባልላቸው ብዙ ችግሮች እዚህ ያልቃሉ። በሙቀት የደረቀውንና ሲታጠፍ የሚሰነጠቀውን ሽቦ ቀይሩ። በፊውዝ ቦታ የተቋጠረ የመዳብ ክር ካገኛችሁ፣ ታገኛላችሁም፣ አውጥታችሁ ትክክለኛውን ፊውዝ አድርጉ።

7. ቦዲውና ቀለሙ

የተበላ ላሜራ ተቆርጦ ይወጣል፤ በስቱኮ አይሸፈንም። በያጁ አዲስ ላሜራ ከበየደ በኋላ ስቱኮው ከ3 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ማጠንከሪያው በመደበኛ ለ100 ግራም ስቱኮ 2 ግራም ነው፤ በእኛ ሙቀት ወደ 1 ግራም ዝቅ አድርጉት። አለበለዚያ ሳትቀቡት ሰሌዳው ላይ ይደርቅባችኋል። በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጀምራችሁ በ180 እና በ320 ጨርሱ። ራቁቱን የወጣ ብረት ሳያድር አንቲረስት ይቀባ።

ቀለም የሚረጨው ንጋት ላይ ነው። ከሰዓት ነፋሱ አቧራ ያመጣል፤ ላሜራው ራሱ ስለሚግል ቀለሙ ሳይዘረጋ ይደርቅና ላዩ የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል። ግቢውን ውሃ አርከፍክፉ፣ ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር ተጠቀሙ፣ ሦስት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ይሻላል። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ቀለም ጭሱ መርዛማ ነው። የጨርቅ ማስክ አያስጥልም። ካርቦን ፊልትሮ ያለው ማስክ ከሌላችሁ ለቀለም ሠሪ ስጡት። ሊብሬው ላይ የተጻፈውን ቀለም አትርሱ፤ ከቀየራችሁ ማስመዝገብ አለባችሁ። ነጭ ከሆነች ደግሞ ነጭ ትሁን፤ ጋቢናው ቀለል ይላል።

ዕቃ ድሬ ውስጥ ከታጣ አዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ የሚያውቁትን ሰው መላክ ነው። አሮጌውን ዕቃ ወይም ጥርት ያለ ፎቶውን ከቁጥሩ ጋር ላኩ። "የሃይሉክስ ነው" ብቻ ከተባለ የሌላ ዓመት ምርት ተጭኖ ይመጣል።

8. ወደ ደንገጎ

ከበር ከመውጣታችሁ በፊት የሦስተኛ ወገን መድንና ቦሎ ይሟሉ። መጀመሪያ ሜዳው ላይ ሞክሯት፤ የመልካ ጀብዱ መንገድ ጥሩ ነው። በዝግታ ነድታችሁ ፍሬኑን ደጋግማችሁ ያዙ። ወደ አንድ ጎን ከሳበች ተመልሳችሁ የፊት ካሊፐሮቹን እዩ። ስትመለሱ አራቱንም ቸርኬ በእጅ ጀርባ ጠጋ ብላችሁ ፈትሹ፤ አንዱ ከሌሎቹ በላይ ከጋለ ፍሬኑ አልለቀቀም።

ሜዳውን ካለፈች ደንገጎን በጠዋት፣ ባዶዋን፣ ውጡ። ዓይናችሁ የሙቀት መለኪያው ላይ ይሁን። መካከል ላይ ከቆመ የአራተኛው ምዕራፍ ሥራ ሰምሯል። ወደ ቀዩ መውጣት ከጀመረ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፣ ሞተሩን ሳታጠፉ የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱት፤ ሲወርድ አጥፉ። ክዳኑን እስኪቀዘቅዝ አትንኩት። ስትወርዱ በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ፤ ካምቢዮው ይያዛት፣ ፍሬኑ ይረፍ።

ቤት ስትደርሱ የጎማ ዳዶዎቹን እንደገና አጥብቁ። በማግሥቱ ጠዋት፣ ሞተሩ እንደቀዘቀዘ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ የውሃውን መጠን እዩ። ከጎደለና ከሥሯ ጠብታ ካልታየ ውሃው ወደ ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ስለሚችል ጋስኬቱን አስፈትሹ። ካልጎደለ 500 ኪሎ ሜትር ላይ ዘይትና ፊልትሮ ቀይሩና ጭነት አስጀምሯት።